የቢሰጥ በሬና የክሊኒኩ ውሕደት

ገደፋውና ዘሩ ቡሬ ከተማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ከፍተው አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን አልተጣሉም። ሥራውን ከመጀመሪያው ተከፋፍለውታል፤ ገደፋው ያናግራል፣ ዘሩ ይወጋል። ሁለቱም ድሬሰሮች ናቸው እንጂ ዶክተሮች አይደሉም። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲቀቅሉና የሐኪሞቹን እጅ ሲያዩ ዓመታት ቆይተው፣ ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። የቡሬና የአካባቢው ሰው ግን ዶክተር ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ አልሰጣቸውም።

ክሊኒኩ የገደፋው ቤት የፊተኛው ክፍል ነው። የገደፋው ሚስት አቻምየለሽ የዘሩ ታላቅ እህት ስለሆነች ሁለቱ ሰዎች አማቾችም ነበሩ። መርፌው የሚቀቀለው በአቻምየለሽ ምድጃ ላይ፣ ከሽሮው ድስት ጎን ነው። አንድ ቀን በችኮላ መርፌው ቀርቶ ሽሮው ወደ ክሊኒኩ ቢገባ፣ ዘሩ አንድ ቃል ሳይናገር ከበሽተኛው ጋር ቁጭ ብሎ በልቶት፣ እጁን ታጥቦ፣ መርፌውን ራሱ ሄዶ አመጣ። የዘሩ ጠባይ እንዲህ ነው።

ገደፋው ደግሞ ነጭ ካፖርት ከመልበሱ በፊት በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። ቅኔውን ሳይጨርስ ቢተወውም ጆሮው ቀርቶለታል። ለሥራውም ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የጠቀመው ይኸው ጆሮ ነው፤ የዚያ አገር ገበሬ፣ በተለይ ሰው ፊት፣ ሕመሙን በስሙ አይጠራማ። በሌላ ነገር ጠቅልሎ ያቀርበዋል፤ መፍታቱ የሐኪሙ ፈንታ ነው። ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው ምንጬ ውስጥ በርበሬ ተደፋ ይላል። ገደፋው እንዲህ ያለውን አነጋገር ይወደው ስለነበር፣ በደንብ ጠቅልሎ የመጣለትን ሰው፣ ልክ ቅኔ ቤት እንዳለ፣ «እስቲ ይድገሙልኝ» እያለ ያስደግመው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ የቀበሌው ጸሐፊ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው የግል ክሊኒኩ ከነንብረቱና ከነባለሙያዎቹ አዲስ ከተሠራው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ጋር ተዋሕዶ ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያዝ ነበር። ገደፋው ሁለት ጊዜ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። ከዚያም ጸሐፊውን፣ ይህ ውሕደት ያለ መቀላቀል የሆነ ውሕደት ነው ወይስ በመቀላቀል የሆነ፣ አባቶቻችን በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋልና ቢብራራልን፣ ብሎ ጠየቀው። ጸሐፊው ጥያቄውን በማስታወሻው ላይ በጥንቃቄ ጽፎ ሄደ። መልስ ግን አልመጣም።

ዘሩ ደብዳቤውን አይቶ የመንግሥት መርፌም መርፌ ነው አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። አቻምየለሽ ግን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ለአሥራ ሰባት ዓመት በሳሎኗ ውስጥ የሰው እባጭ ሲፈርጥ ኖሯል። በዚያው ሳምንት የፊተኛውን ክፍል በክንዷ ስትለካ ገደፋው አይቷት አኮረፈ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሦስት ሰዎች ያሉበት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጣ። ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን አንድ፣ የብረት አልጋ ሁለት፣ የመርፌ ብልቃጥ ስድስት፣ ሚዛን አንድ ብለው መዘገቡ። ሚዛኑ ሁልጊዜ ሦስት ኪሎ ይጨምራል፤ ገደፋው ግን ሕመምተኛ ከሚዛን ሲወርድ ደስ ብሎት ቢሄድ ግማሽ ሕክምና ነው ብሎ አስጠግኖት አያውቅም። በመጨረሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ የሕመምተኞች መዝገብ የት እንዳለ ጠየቀ። ገደፋው በጣቱ ግንባሩን አመለከተ። የማን ልጅ መቼ ኩፍኝ እንደያዘው፣ የማን ቤት ሰዎች ከአያት ጀምሮ ጨጓራቸው ደካማ እንደሆነ፣ የትኛዋ ሴት ፔኒሲሊን እንደማይስማማት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢው መዝገብ የለም ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ ጥግ ቆሞ የነበረው ዘሩ ተናገረ።

«እሱን ቁጠሩት» አለ።

ኮሚቴው ከተመካከረ በኋላ ሳይቆጥረው ሄደ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ያይኔአበባ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ቡሬን ያየችው ለሥራ ስትመደብ ነው። ፈጣንና ጠንቃቃ፣ ሥራዋንም የምትወድ ልጅ ነበረች። ሁለቱን ሰዎች በክብር ተቀብላ ምስክር ወረቀታቸውን ጠየቀች። የዘሩ ደህና ነበር። የገደፋውን ግን ከዓመታት በፊት ምስጥ አግኝቶት፣ ስሙ ያለበት የላይኛው ግማሽ ተበልቷል። የተረፈው ግማሽ አንድ ሰው ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት ማጠናቀቁን ይመሰክራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ያይኔአበባ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። አዝናለሁ ጋሽ ገደፋው፣ አለችው፤ ማስረጃው እስኪጣራ ድረስ ካርድ ክፍል ይሆናሉ። ዘሩ መርፌ ክፍል ተመደበ።

አምሳ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው፣ ግማሹን ወረዳ ያከመ፣ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ስምና ዕድሜ ጠይቆ የሚጽፍ ሆነ። ካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ የሚል አለ፤ የሕመሙን ዓይነት የምትሞላው ያይኔአበባ ናት። ሰዎች በመስኮቱ በኩል እንደ ልማዳቸው ጠቅለል አድርገው ሊነግሩት ሲጀምሩ፣ ገደፋው እጁን አንሥቶ ያቆማቸዋል። እኔ የምጽፈው ስም ነው፣ ሌላውን ለኃላፊዋ ይንገሩ ይላል። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። በልቡ ግን ያለ እኔ እስቲ ትሞክረው የሚል ነበረበት፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

መጋቢት ውስጥ ቢሰጥ መጣ። ቢሰጥ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ትውልዱ ከአዊ የሆነ፣ የተከበረ ገበሬ ነው። ቤቱ ውስጥ አገውኛ ይናገራል፤ ሰው መካከል ሲሆን ግን አማርኛውን እንደ ደብተራ ያሽሞነሙነዋል። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ጥር ላይ ስንዱ የምትባል ቆንጆ ልጅ አግብቷል። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አያ ገደፋው፣ በሬዬ ታሞብኝ ነው የመጣሁ አለ። ገደፋው ወዲያው ገባው። ጥር ላይ ያገባ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ መጋቢት ላይ በሬው ታሞ፣ በሬውን ጥሎ ለብቻው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሌላ ምን ትርጉም ይኖረዋል? ስሙንና ዕድሜውን ጽፎ ካርዱን ሰጠው። ለኃላፊዋ ይንገሯት አለ።

ካርድ ክፍሉና ምርመራ ክፍሉ የሚለዩት በሳንቃ ስለሆነ ገደፋው ሁሉንም ሰማ። ያይኔአበባ ምንዎን ነው ያመመዎት ብላ ጠየቀች። ቢሰጥ ዞር ብሎ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሁለት ሴቶች አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔስ ደህና ነኝ። በሬዬ ነው» አለ። «ቀንበሩ ሲቀርብ ይተኛብኛል።»

ከመቼ ጀምሮ ነው ብትለው ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ነው አላት። ይበላል ወይ አለችው፤ መብላቱን በደንብ ይበላል አለ። ቀድሞስ እንዴት ነበር ብትለው፣ ቀድሞማ ሳይጠሩት የሚነሣ ነበር አላት። ያይኔአበባ ይህን ሁሉ ጻፈች።

«ሌላ በሬ የለዎትም?»

ቢሰጥ ሴቶቹን ደግሞ ዞር ብሎ አየ። «እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ለሰው ሲፈጠር የሚሰጠው አንድ አይደለም ወይ?»

ያይኔአበባ ይህን የድህነት ብሶት አድርጋ ወሰደችው፤ ልቧም ተነካ። ይህ ጤና ጣቢያ የሰው እንደሆነ፣ ነገር ግን በሬው ሲያርስለት የኖረውን ገበሬ ዝም ብላ እንደማትመልስ ነገረችው። ለእንስሳት ሐኪሙ ለታከለ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ድኻ ገበሬ ስለሆነ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲረዳው። ቢሰጥ እሷም እንደ እሱ ጠቅልላ የተናገረች መስሎታል፤ ማንበብም አይችልም። ደብዳቤው ወደ ከፍተኛ ሐኪም መላኪያ መሰለው። ባለሙያው ቤትዎ ድረስ ይመጣል ስትለው ደግሞ፣ መንግሥት ለዚህ ዓይነት ነገር ይህን ያህል ማሰቡ አስገርሞት፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከሳንቃው ወዲያ ገደፋው ሳቁን ለማፈን እርሳሱን ነክሶ ተቀምጦ ነበር።

ታከለ በሐሙስ ቀን፣ በበቅሎ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስና ገመድ ይዞ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ፤ የስንዱ አባትም እንደ አጋጣሚ እዚያው ነበሩ። ቢሰጥ እንግዳውን ለብቻው ወደ ጓዳ ሊያስገባው ሲል፣ ታከለ ከደጅ ቆሞ ጮክ ባለ ድምፅ የታመመው በሬ የትኛው ነው አለ። ቢሰጥ ገመዱን አየ፤ ጠርሙሱን አየ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ግን አማቱ ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ አገር ምድሩ በተሰበሰበበት ምን ብሎ ያስተባብል? ቀስ ብሎ ወደ ዳለቻው በሬ አመለከተ።

ጎረቤቶቹ ዳለቻው ትናንት እንኳ እስከ ቀትር ሲያርስ እንደዋለ፣ ከቀንበር በታች ተኝቶ እንደማያውቅ መሰከሩ። ታከለ ግራ ገብቶት ቢሰጥን ጠየቀው።

«ለእኔ ብቻ ነው የሚተኛው» አለ ቢሰጥ፣ መሬት መሬት እያየ።

ታከለ ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር። በሬውን አስጥሎ የጠርሙሱን መድኃኒት አጠጣው፤ ለትል ነው አለ። ደህና የነበረው በሬ ስድስት ቀን ሙሉ አስቀመጠው፤ ለስድስት ቀን እርሻ ቆመ። መንደርተኛው በበሬው ሲያዝን፣ ስንዱ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። የታመመው የትኛው በሬ እንደሆነ ከመንደሩ ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ቢሰጥ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያው አልሄደም፤ ወደ ገደፋው ቤት ነው የሄደው። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ወሬው የበሬው ተቅማጥ ላይ ሲደርስ ገደፋው ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። ነገር ግን ቢሰጥ አልሳቀም።

«አያ ገደፋው፣ በመስኮቱ ሲያዩኝ ገብቶዎት ነበር?»

ገደፋው መዋሸት አልቻለም። «ገብቶኝ ነበር።»

«እንግዲያ በሬዬን ያሳመሙት እርስዎ ነዎት» አለ ቢሰጥ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ገደፋው ደነገጠ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ብዙ ተሳስቷል፤ መድኃኒት አቀያይሮ ሰጥቷል፣ አንድ ጊዜም ደህና ጥርስ ነቅሏል። አውቆ ግን ሰው አጉላልቶ አያውቅም ነበር። ቢሰጥን ይዞት ወደ ጓሮ ወጣና ከጌሾው ሥር ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አቻምየለሽ እንኳ ብትጠይቅ አልተነገራትም። ከሠርጉ ወዲህ የአረቄው ነገር እንደበዛ፣ ሰውየውም ዕድሜውን እየቆጠረ እንደሚፈራ ግን ገደፋው ተረዳ። ገደፋው አረቄውን አስተወው፤ ሁለት ሳምንት እርሻ የሚባል ነገር ሳያስብ ከሚስቱ ጋር ጨዋታ ብቻ እየተጫወተ እንዲያመሽም አዘዘው። ክኒን አልሰጠውም። ዳለቻውን በሬ ግን የተቀቀለ አጃ እንዲያበላው ነገረው።

ሰኞ ጠዋት ገደፋው ያይኔአበባ ክፍል ገባ። ልጁ የምትሆን ሴት፣ ያውም ያላገባች፣ ያውም አለቃው። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ስለ አራሹና ስለ በሬው ዝምድና ጀመረ። እሷም ልክ ነዎት፣ እንስሳት ጤና ላይ መሥራት አለብን አለች። ቀጥሎ፣ አንዳንድ በሬ ሣር የማይበላ እንደሆነ ነገራት፤ መኖ ይለውጡለት አለች። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ፣ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው በሬ ሌላ ነው ሲል፣ ጥሎሽ የተሰጠ በሬ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ዘሩ የተቀቀለ መርፌ ይዞ በበሩ ሲያልፍ ቆም አለ።

«በሬው እኮ በሬ አይደለም» አለ። «የራሱ ነው።»

ብሎም አለፈ።

ያይኔአበባ አሁን ገባት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ገደፋው አስለቀስኳት ብሎ ደንግጦ ተነሣ። እየሣቀች ነበር። «ሌላ በሬ የለዎትም ወይ አልኩት እኮ» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ ገደፋውም ለቀናት ያፈነው ሳቅ ገነፈለበት።

ሣቋ ሲያልቅ ግን መዝገቡን ከፈተች፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለውን እያነበበች ታስፈታው ጀመር። ሙጬ የሚባል ነጋዴ ጣራዬ ያፈሳል ብሏት፣ ክረምት ሳይገባ ሣር ይክደኑበት ብላ መክራ መልሳዋለች። ገደፋው ጨብጥ ነው አላት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በሬ አልዘጋ ብሎኝ ስወጣ ስገባ አድራለሁ ብለዋል።

«ይኸም በሬ ነው?»

«የለም፣ ይኸኛው በር ነው። ተቅማጥ ይዟቸው ነው።»

ለሽማግሌው አናጢ ይጥሩ ብላቸው ነበር። አሥራ አንድ ሰው ተቆጠረ። ያይኔአበባ መዝገቡን ዘጋች፤ አሁን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ሙጬ ሦስት ወር በሽታውን ተሸክሞ መዞሩን አሰበች።

«እኔ አልገባኝም ነበር ጋሽ ገደፋው» አለች። «እርስዎ ግን ሳንቃው ሥር ተቀምጠው እየሰሙ ነበር።»

«እየሰማሁ ነበር ልጄ። አጥፍቻለሁ» አላት።

እስከዚያ ቀን ኃላፊ እንጂ ልጄ ብሏት አያውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት አሥራ አንዱንም ሰዎች አስጠሩ። ሙጬ ከዘሩ እጅ መርፌውን ሲወጋ፣ ጣራው በሣር እንደማይከደን ገና ድሮ ጠርጥሬ ነበር አለ።

ከዚያ ወዲህ ገደፋው የካርዱን ሥራ ጠዋት ጨርሶ ከያይኔአበባ ጎን ይቀመጥ ጀመር። ሰው ይናገራል፣ እሱ ይፈታል፣ እሷ ታክማለች። መድኃኒቱን ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ይህንንም ሳይወድ በግዱ አመነ። አልፎ አልፎ ግን ይስታል። አንድ ቀን ዓባይነሽ የምትባል ሴት እያነከሰች ገብታ ላሜ ረገጠችኝ ብትል፣ ገደፋው በጥልቀት አሰበና ከአማትዋ ጋር እንዴት እንደሆነች ይጠይቃት ጀመር። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቆየችና ቀሚሷን ከፍ አድርጋ እግሯን አሳየችው። የላሟ ኮቴ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ያይኔአበባ ካርዱ ላይ ላም፣ በቁሟ ላም፣ ብላ ስትጽፍ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ሰኔ ላይ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ተቆጣጣሪ ከፍኖተ ሰላም መጣ። ወፍራም፣ ቁጡና ደንብ አዋቂ ሰው ነው። ውሕደቱ እንዴት እንደሄደ ሊያይ ነበር የመጣው። ምርመራ ክፍል ውስጥ የካርድ ሠራተኛ ተቀምጦ ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ያይኔአበባ ያስተረጉምልኛል አለች። ከምን ወደ ምን ብሎ ሲጠይቃት፣ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አለችው። ተቆጣጣሪው የሥራ መደቦቹን ዝርዝር አውጥቶ ገጽ በገጽ አገላበጠ፤ እንዲህ ያለ መደብ የለም። ገደፋው ከነገ ጀምሮ ከካርድ ክፍል እንዳይወጣ፣ የምስክር ወረቀቱም ነገር ካልተጣራ ሥራውን እንዲለቅ እጽፋለሁ አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ወንበር ቢቀርብለትም ቆሞ ነበር። ምሳ ሲጋበዝም ቆሞ በላ።

ከሰዓት በኋላ ሊሄድ ሲል ወደ ካርዱ መስኮት ብቻውን መጣ። ግራና ቀኙን አየ።

«ፍኖተ ሰላም አንድ ጓደኛ አለኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስብሰባ ሲረዝምበት በጣም ይቸገራል።»

ገደፋው ብዕሩን አስቀመጠ። ዛሬ በጠዋት ሊያባርረው የዛተውን ሰው ፊት አየ፤ እንደ መጋቢቱ ስምና ዕድሜ ብሎ ሊመልሰው ይችል ነበር። ግን ቢሰጥ ትዝ አለው።

«ጓደኛዎ ከስብሰባ ሲነሣ ደም ያያል?» አለ በቀስታ።

«ያያል» አለ ኃይለ ሚካኤል፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ።

ገደፋው ለጓደኛው የሚሆነውን ምክር አንድ በአንድ ነገረው፤ ውኃ በብዛት እንዲጠጣ፣ በርበሬ እንዲተው፣ ማታ ማታ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እንዲቀመጥ። ያይኔአበባ ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ የሚቀባ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው።

ነሐሴ ላይ ከፍኖተ ሰላም ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰ። አንደኛው በማኅተም ነበር፤ ሠራተኛው ባለበት ሁኔታ ምርመራ ክፍሉን እያገዘ እንዲቀጥል የሚል። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው፣ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ጓደኛዬ ትናንት አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ተሰበሰበ ይላል። ያይኔአበባ አንብባ እንደጨረሰች የሚፈታላት ሰው አላስፈለጋትም። አዲስ ካርድ አወጣች፤ ስም በሚለው ቦታ ላይ የተቆጣጣሪው ጓደኛ ብላ ጻፈች፤ ዕድሜውን ገደፋው አምሳ ይሁን አላት። ሕመሙ በሚሞላበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ካሰበች በኋላ ስብሰባ ብላ ጽፋ ካርዱን ከዳኑት ጋር አኖረችው።